የሉበርት የእሁድ እንቅልፍ

እኔ ወሬ አልወድም፤ ግድግዳው ነው የሚወደው። የእኔንና የእህቴን ልጅ የሉበርትን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም የድሮ ዓሣ አጥማጅ ቸኩሎ የሠራው፣ የአንድ ጡብ ውፍረት ያለው። እነሱ ጋ ሲያስነጥሱ እኔ እዚህ «ይማርህ» እላለሁ። ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጣለች እያለ የሚያማኝን ሁሉ እግዜር ይቅር ይበለው። ወንበሬ ያለው እዚያ ጋ ነው። ወንበሩ ደግሞ ከባድ ነው፣ እኔም ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ማን ያንሳው?

ሉበርት እሁድ ከሰዓት ይተኛል። እሁድ ከሰዓትማ መንደሩ በሙሉ ይተኛል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ድንችና ሾርባ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ እንደገና ቤተ ክርስቲያን። በመሀል ባለችው ሰዓት መኪና አይነሳም፣ ልብስ አይሰጣም፣ ልጅ ኳስ አይመታም። ንፋሱ ራሱ ጫማውን አውልቆ የሚሄድ ነው የሚመስለው። እኛ ድሮ ደሴት ነበርን። የሆላንድ መንግሥት ባሕሩን አደረቀብንና ከመሬት ጋር ገጠምን፤ አሁን በሦስት ጎናችን የድንች እርሻ ነው፣ በአንዱ ጎን ብቻ አሮጌው ወደብና ውሃው ቀርቶልናል። እሁድ ከሰዓት ግን ውሃው ተመልሶ የሚመጣ ይመስለኛል። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ይሆንብኛል፣ ቤቶቹ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ እኔም ከነወንበሬ እነሳለሁ። እንቅልፍ አይደለም፣ ንቃትም አይደለም።

አንድ እሁድ እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ ነው ሉበርት በግድግዳው ወዲያ የጮኸው።

«ቁሙ!» አለ። «ቁሙ እንጂ! ጸሎት ነው!»

ከዚያ የሚስቱ የኒስዬ ድምፅ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሰንበት ነው፣ ቀስ በል። ማሬትዬ ትሰማለች።»

ማሬትዬ እኔ ነኝ። ኧረ ምንም አልሰማሁም።

ሉበርትን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ በር ላይ አጎንብሶ የሚገባ፣ እጁ የምድጃ ጓንት የሚያህል፣ ዓይን አፋር። እናቱ፣ እህቴ ማለት ነው፣ ቶሎ ስለሞተች ግማሹን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹን ደግሞ ባሕሩ። ልጅ ሆኖ ሌላው ልጅ ዓሣ ሲደበድብ እሱ ጭንቅላቱን ይደባብስ ነበር። በተለይ ያንን ካቤልያው የሚባለውን ትልቁን፣ አገጩ ሥር አንድ ጺም ያለችውን። እኛ ጋ ጺማም ነው የምንለው። «አክስቴ፣ እዪው፣ ሽማግሌ ይመስላል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጺማም አፉን ከፈት አድርጎ ሲያይሽ ስብከት ሊጀምርልሽ ነው የሚመስለው።

ሉበርት ነቅቶ በሳምንት አሥር ቃል ቢናገር ነው። ሲተኛ ግን ሰባኪ ነው። ይህን ከጋብቻው በፊትም አውቅ ነበር፤ ለኒስዬ ግን አልነገርኳትም። ምን አገባኝ፣ ራሷ ትድረስበት ብዬ።

መርከቡን ከአጎቱ ልጅ ከሃርም ጋር በእኩል ነው የያዙት። ሃርም ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ምላሱ የማያርፍ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፤ አንድ ክረምት በሰሜን ባሕር ላይ ሲስቅ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ውሃ ውስጥ ወደቀ። እስከ ዛሬ አንድ ዓሣ በሃርም ጥርስ ይበላል። ሰኞ ሌሊት ይወጣሉ፣ አርብ መርከቧን ሰሜን ወደብ ላይ አስረው በመኪና ይመጣሉ፣ ቅዳሜ መረብ ይጠግናሉ፣ እሁድ ይተኛሉ። ስድስት ሰው፣ ስድስት ቤት ከዚያች መርከብ ይበላል።

የሚያጠምዱት እኛ ምላስ የምንለውን ጠፍጣፋውን ዓሣ ነው። ምላስ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚኖረው። ድሮ እሱን ለማስነሳት ከመረቡ ፊት ከባድ ሰንሰለት ይጎትቱ ነበር። ናፍጣውን የሚጠጣው ነገር ለጉድ ነው። ሉበርት ግን ስለ ናፍጣው አልነበረም የሚያዝነው።

«አክስቴ፣ አልጋዋን እየገለበጥን ነው» ይለኝ ነበር።

«የማንን?»

«የባሕሯን።»

ታዲያ ኮረንቲ መጣ። ሰንሰለቱን አወጡና በቦታው ሽቦ ገጠሙ። ሽቦው አሸዋው ላይ እየተጎተተ ቶሎ ቶሎ፣ ትንንሽ ኮረንቲ ይለቃል። ምላስ ሲነካው ይኮማተራል፣ ይታጠፋል፣ ብድግ ብሎ መረብ ውስጥ ይገባል። በቃ። ናፍጣው በግማሽ ቀረ፣ አሸዋው አልታረሰም፣ መርከቧ ራሷ ድምጿ ለሰለሰ። ሉበርት የተሞሸረ ነበር የሚመስለው። በሳምንት አሥር ቃሉን ትቶ ሃያ መናገር ጀመረ።

«ከእንግዲህ በር አንሰብርም» አለኝ። «እናንኳኳለን፣ እሱ ይወጣል።»

ደግሞ ዝም ብሎ አላመነም። የተያዙትን ምላሶች የባሕር ውሃ ገንዳ ውስጥ ጨምሮ ቀናት አቆያቸው። ተነሱ፣ ዋኙ፣ አሸዋ ሲሰጣቸው ተቀበሩ። «እዪ፣ ደህና ናቸው!» እያለ ለኒስዬ ነገራት፣ ኒስዬ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔም ለማንም አልነገርኩም፤ ለዳቦ ቤቷ ብቻ።

አሁን ወደ ድስቱ ልምጣ። እዚህ ሰፈር ከባሕር የገባ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ባሏ ውሃ ውስጥ ለቀረባት ሴት አንድ ድስት ዓሣ ያደርሳል። የእኔ ባል ከቀረ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድም ቅዳሜ ድስቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያመሰግንም። በኋላ በር ይገባል፣ ድስቱ ይቀመጣል፣ ባለፈው ሳምንት የመጣው ድስት ታጥቦ ይመለሳል።

ኮረንቲው በመጣ በመጀመሪያው ክረምት ነው፣ ሉበርት ያመጣልኝ ምላስ ቀረና ጺማም ሆነ። ትልልቅ ጺማም! እኔ ደስ አለኝ፣ አደግኩ ብዬ። ከዚያ ሳየው፣ ጀርባው ላይ፣ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ፣ ጥቁር ነገር አለ። ካውያ የተረሳበት ሸሚዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። በቢላ ስከፍተው ሥጋው መሀል ደም ረግቷል። አጥንቱን ሳወጣው በእጄ ላይ ለሁለት እጥፍ አለ። ተሰብሯል።

አበሰልኩት። በሰናፍጭና በቅቤ በላሁት። ጣዕሙ ያው ነው፣ ምን አባቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣውም እንደዚያው። በሦስተኛውም።

ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሲረዝም ሚንት ከረሜላ እንቀባበላለን፤ ከረሜላው ሲያልፍ ወሬም አብሮ ያልፋል። ከፊቴ ለምትቀመጠው፣ እንደኔው ባሏ ለቀረባት፣ ከረሜላ እያቀበልኳት፣ «የአንቺስ ጺማም ጀርባው እንዴት ነው?» አልኳት።

ዞር ሳትል፣ «እንደኔው ተሰብሯል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እነዚህ ወንዶች፣ ሞኞች! ዓሣውን ጨረታ ቤት ቢወስዱት ሰው ያየዋል፣ ይጠይቃል። መልሰው ባሕር እንዳይጥሉት ያሳዝናል። ስለዚህ ምን አሰቡ? ለብቸኛ ሴቶች እንስጥ፣ እነሱ በልተው ዝም ይላሉ። ዝም! እኛ!

አጥንቶቹን አልጣልኳቸውም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እያጠብኩ፣ እያደረቅኩ፣ ጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል በልብስ ገመዴ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። እሁድ ልብስ መስቀል ኃጢአት ነው፤ ስለ አጥንት ግን የተጻፈ የለም። ንፋስ በጣሪያው ክፍተት ሲገባ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ትንሽ ደወል ከሩቅ እንደሚደወል። ሁሉም የተሰበሩት አንዱ ከሌላው ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። እሁድ ከሰዓት እዚያ ወጥቼ ተቀምጬ እሰማቸው ነበር። አንዳንዴ መኖሬንም እረሳለሁ። ታች ደግሞ በግድግዳው ወዲያ ያ ልጅ «ቁሙ! ቁሙ!» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ድስቱን ሲያስቀምጥ ያዝኩት።

«ሉበርት፣ እሁድ እሁድ ማንን ነው ቁሙ የምትለው?»

ቀላ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«ግድግዳው ነው። ተቀመጥና ንገረኝ።»

ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ነገረኝ። በሕልሙ ቤተ ክርስቲያናችን ከባሕር ሥር ነው። መስኮቶቹ አረንጓዴ ናቸው። ኦርጋኑን ውሃው ነው የሚነፋው። አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፣ ጺማሞች ናቸው፣ ጺማቸውን አበጥረው፣ ዝም ብለው፣ ትልቁ ፊት፣ ትንሹ ኋላ። ቄሱ ለጸሎት እጁን ያነሳል። እኛ ጋ በጸሎት ጊዜ ሴቱ ይቀመጣል፣ ወንዱ ይቆማል። እሱ ብቻውን ይቆማል። እነሱ አይነሱም። ያፍርላቸዋል፣ ቁሙ ይላቸዋል፣ ይጮኻል። አንዱ ሽማግሌ ጺማም ቀስ ብሎ ዞሮ ያየዋል።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«‹በምናችን?› አለኝ።»

 ምድጃው ላይ ማሰሮዬ ይፈላል።

«ሉበርት፣ ያ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«መረቡ ነው» አለ፣ ጫማውን እያየ። «መረቡ ሲጫነው ነው።»

ይሄ ልጅ ሕፃን ሆኖ ስኳር ሲሰርቀኝም ጫማውን ነበር የሚያየው።

በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄሱ ለረጅሙ ጸሎት እጁን አነሳ። ወንዶቹ ግር ብለው ተነሱ። ከሴቶቹ ወገን ሆኜ የማየው ጥቁር ጀርባ ብቻ ነው፣ ተርታውን። በመሀል አንድ ቦታ ጎደለ። ልክ እንደ ሃርም ጥርስ። ሉበርት ተቀምጧል። ክንዱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል! ከረሜላ የሚያኝክ ሁሉ ማኘክ አቆመ። ኒስዬ አጠገቤ ናት፤ ሁልጊዜ አንዷን ከረሜላ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ነው የምትሰጠኝ፣ ያን ቀን እጇ ውስጥ አደቀቀቻት።

ስንወጣ በር ላይ ሃርም፣ «ምነው ወንድሜ፣ ከሴቶች ተደመርክ?» አለው።

«ጀርባው ነው» አለች ኒስዬ ቶሎ ብላ። «ጀርባውን አሞት ነው።»

ሉበርት በሚቀጥለው እሁድም ተቀመጠ፣ በሚቀጥለውም።

ኒስዬ ማልቀስ አታውቅም፤ ያን ሰሞን ግን እኔ ኩሽና መጥታ በፎጣዬ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቀጥ ያላለ ሰው እግዜር ፊት አይቆምም ይለኛል። እህል አስጠላው። ታዲያ ተናገረው ስለው፣ ስድስት ቤት አለ ይለኛል። ብናገር ሃርም ምን ይላል፣ ልጆቹ ምን ይበላሉ። እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው፣ ማሬትዬ? ሰው ሁሉ እያየው?»

«አይቀርም» አልኳት። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እኔም አላውቅ።

ከዚያ ያቺ ልጅ መጣች። ሊዘሎት ትባላለች፣ ከደቡብ፣ ከፍላንደርስ፤ ቋንቋዋ የኛው ነው፣ ግን እሷ ስትናገረው ቅቤ የተቀባ ይመስላል። የዓሣ ሐኪም ናት አሉ። በረዶ የሞላ ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ወደቡ ላይ ያለው የውሸታሞች አግዳሚ ጋ ሄደች። የውሸታሞች አግዳሚ ስሙ ነው፤ ባሕር መውጣት የተዉ ሽማግሌዎችና ቅዳሜ ከባሕር የገቡ ወንዶች ተደርድረው የሚቀመጡበት። ሴት አትቀመጥበትም። እኔም አልተቀመጥኩም፤ ከኋላው ጫማዬን አሰርኩ እንጂ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፣ ቢሆንም አጎንብሼ አሰርኩት።

«ጀርባቸው የጠቆረ ጺማሞች መረባችሁ ውስጥ ይገኛሉ ይባላል» አለች። «ማንንም ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ሙሉውን፣ ሳይከፈት ካገኘሁ ራጅ አነሳዋለሁ። ኮረንቲው ይሁን መረቡ ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«ራጅ!» አለ ሃርም። «እኔ ጥርሴን ራጅ የሚያነሳልኝ አጥቼ፣ ዓሣው ሐኪም መጣለት!»

ሳቁ።

«የኔ እህት፣ የኛ ጺማሞች እንደ ቄስ ቀጥ ያሉ ናቸው» አላት። «አይደለም እንዴ፣ ሉበርት?»

ሁሉም ወደ ሉበርት ዞሩ። ሉበርት ጫማውን አየ።

«ደህና ናቸው» አለ።

ልጅቷ አመሰገነችና ሳጥኗን አንስታ ሄደች። እኔም ማሰሪያ የሌለው ጫማዬን ፈትቼ ተከተልኳት።

«ልጄ፣ የት ነው የምታድሪው?»

«የእንግዳ ማረፊያው ጋ፣ እማማ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።»

«ነገ ሰንበት ነው፣ ሰንበት መንገድ የለም። ምሳ በልተሻል? ነይ፣ እኔ ዛሬ ዓሣ አለኝ።»

አጥንቱን አሳዪያት፣ ንገሪያት ትሉኝ ይሆናል። ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እናንተ ባታምኑኝም ዋጥኩት። እኔ ብናገርማ ሉበርት ተቀምጦ ቀረ ማለት አይደል? ከእሱ አፍ ነው መውጣት ያለበት። እኔ በር ብቻ ነው የከፈትኩት፤ የኋላውን በር።

ኩሽናዬ አስቀመጥኳት፣ ድንች እንድትልጥ ሰጠኋት። ጎበዝ ላጭ ናት፣ ቀጭን ነው የምትልጠው። ብዙም ሳይቆይ የኋላው በር ተከፈተና ሉበርት በጨርቅ የተሸፈነ ድስቱን ይዞ አጎንብሶ ገባ። ቀና ሲል አያት። ቆመ።

«እንግዳ አለሽ» አለኝ።

«አለኝ። በሩን ዝጋው፣ ብርድ ነው።»

«ድስቱን ላስቀምጥና ልሂድ።»

«እጄን አሞኛል፣ ዓሣውን ክፈትልኝ።»

«ጠዋት በመጥረጊያ ድመት ስታባርሪ አይቼሻለሁ፣ አክስቴ።»

«ያኔ ነው ያመመኝ።»

ልጅቷ ድንቿ ላይ አቀረቀረች። ብልህ ናት። ሉበርት ቢላውን አነሳ፣ ጨርቁን ገለጠ። ትልቅ ጺማም ነበር፣ ጭራው ከድስቱ የወጣ። ጥቁሩ ጎን ከታች እንዲሆን አድርጎ ነበር ያስተኛው። እጁን ዓሣው ላይ አሳረፈ፣ ልክ ሕፃን ሆኖ እንደሚያደርገው ጭንቅላቱ ላይ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ውሃ የገባ ነው የመሰለኝ፤ ሁላችንም በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ቀስ ብለን የምንወዛወዝ። ከላይ ከጣሪያው ሥር አጥንቶቼ ሲነካኩ ሰማሁ፤ ቅጭል፣ ቅጭል። እሱም ሰማ መሰለኝ፣ ቀና አለ።

ከዚያ ዓሣውን ገለበጠው። ጥቁሩን ጎን ወደ ላይ አደረገና ወደ ልጅቷ ገፋላት።

«ሳይከፈት ነው የፈለግሽው» አለ። «ይኸው።»

ልጅቷ ልጣጩን ከእጇ አራገፈች። በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካችው። «መረቡ ሊሆን አይችልም?» አለችው።

«ሠላሳ ዓመት በሰንሰለት አጥምጃለሁ። ሰንሰለት ያደቀቀውን ዓሣ አውቀዋለሁ። ይሄን ማንም አልመታውም።» ሁለት እጆቹን ጨብጦ አጋጠማቸው፣ እስኪንቀጠቀጡ። «ኮረንቲው ሲይዘው በሁለቱም ጎኑ አንድ ላይ ይኮማተራል። ጠንካራ ዓሣ ነው። በገዛ ጉልበቱ ነው አጥንቱን የሚሰብረው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አይደለም። ትልልቆቹ፣ እነሱም ሽቦው አጠገብ የተገኙት። ትንንሾቹን እንዲህ ሆነው አላየሁም። ምላሱም ይነሳል፣ ገንዳ ውስጥ አቆይቼ አይቻለሁ።»

«ታዲያ እነሱ ደህና ናቸው ማለት ነው?»

«ከውጭ ደህና ናቸው። ከውስጥ አንቺ ንገሪኝ፤ ራጅ ያለሽ አንቺ ነሽ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እኔ የማየው መረብ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ሽቦው ነክቶት ከመረቡ ያመለጠው ግን አለ። እታች። እሱን አላየውም። እሱን የማየው እሁድ ነው።»

ልጅቷ እሁድ ያለው አልገባትም፤ እኔ ገባኝ።

የዓመቱን ቃል በአንድ ቅዳሜ ጨረሰ። በዚያም አላበቃ፤ መርከቧ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳጥን እንዳለ ነገራት፣ ሰው እንዳይነካው «የሉበርት ምሳ» ብሎ የጻፈበት። መጣልም መሸጥም አቅቶት ያከማቻቸው ጺማሞች ናቸው። «ሰኞ እሰጥሻለሁ» አላት። ያኔ እኔም እጄ ዳነ፤ ደረጃውን ወጣሁና አጥንቶቼን ከነገመዱ አወረድኩላት።

ሉበርት ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄ ሁሉ?»

«የሁለት ክረምት ምሳ ነው» አልኩት። «ዝም ብለን የበላን መስሎህ ነበር?»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሃርም በሬ ላይ ቆመ። ኧረ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እዚህ መንደር ወሬ በራሱ እግር ነው የሚሄደው። «ማሬትዬ፣ አንቺ ነሽ!» አለኝ፣ አዲሱ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ስድስት ቤት አፈረሳችሁ!»

«እኔ እንግዳ ምሳ ጋበዝኩ» አልኩት።

«ወንድሜ ነበር!»

«አሁንም ነው። ቢያንስ ካንተ ጋር እየዋሸ አይሞትም።»

በሩን በኃይል ዘጋብኝ፤ ግን ከመዝጋቱ በፊት ዓይኑን አየሁት፣ እርጥብ ነበር። እሱም አይቷቸዋላ! እሱም በእጁ ይዟቸዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሉበርት በሚቀጥለው ቅዳሜ የውሸታሞች አግዳሚ ጋ ሲሄድ፣ የተቀመጡት ወንዶች አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ተጠጋጉና ቦታ አሳጡት። ዓመታት ቆየ እንዲህ። መርከብ ላይ ሃርም ከሥራ በቀር አያናግረውም። ቆይቶም ትልልቅ ሰዎች በሩቅ ከተማ ተሰብስበው ኮረንቲውን ጭራሽ ከለከሉት፤ መንደሩም የሉበርት ሥራ ነው አለ። የማይረባ ወሬ ነው፣ በአንዲት ልጅ ሳጥን ሕግ አይወጣም፤ እሷ ራሷ በደብዳቤ፣ ኒስዬ አነበበችልኝ፣ ጉዳቱ በሁሉም ዓሣ ላይ እንዳልሆነ፣ ገና ብዙ የማይታወቅ ነገር እንዳለ ነው የጻፈችው። ሰንሰለቱም ተመለሰ፣ ናፍጣውም። ሉበርት ሰንሰለቱ ሲገጠም ቆሞ እያየ፣ «ይሄም ደህና አይደለም» አለኝ። እና ምን ደህና ነው ስለው፣ «አላውቅም፣ አክስቴ» አለ። ባለፈው ክረምት ሃርም አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለለት፤ ግማሽ መቀመጫ የሚያስገባ። ሉበርት በዚያችው በግማሿ ተቀምጦ ውሃውን ሲያይ ዋለ።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለዚያ እሁድ ነው፤ ዓሣውን በገለበጠ ማግስት።

ቄሱ እጁን አነሳ። ወንዶቹ ግር ብለው ተነሱ። እኔ ቦታዋን አውቃታለሁ፣ በሦስተኛው ተርታ፣ ከሃርም አጠገብ። ጎደሎ ነበረች። ከዚያ አንድ ጥቁር ጀርባ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ከበሽታ እንደተነሳ ሰው፣ በአንድ ጎኑ ትንሽ ዘመም ብሎ። ሃርም አንድ እርምጃ ከአጠገቡ ራቅ አለ። ሉበርት ግን ቆመ። ቄሱ ያን ቀን ለነገሥታቱም፣ ለሕሙማኑም፣ ለዝናቡም ጸለየ፣ ጸሎቱ አላልቅ አለ፤ ሉበርትም እስከ መጨረሻው ቆመ። ኒስዬ ወደ ፊት እያየች እጄ ውስጥ አንድ ሙሉ ከረሜላ አስቀመጠች። ያልተሰበረ።

ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መንደሩ ተኛ። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ውሃው መጣ፣ ቤቶቹ ተነሱ። ጠበቅኩ። ከጣሪያው ድምፅ የለም፣ አጥንቶቹ ሄደዋል። ከግድግዳው ወዲያም ድምፅ የለም። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። እንዴ! ይሄን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም። ሞቶ እንዳይሆን ብዬ ደነገጥኩና ግድግዳውን ቆርቆር፣ ቆርቆር አደረግኩት።

«አክስቴ» አለኝ ሉበርት፣ እንቅልፍ በጠገበ ድምፅ። «ተኚ እንጂ።»